ለኢንዶሜትሪዮሲስ ሆርሞን ልትጀምሪ ነው? ከመሳቢያው እስከ ሦስተኛው ወር

መድኃኒቱን ይዤ ቤት የገባሁ ቀን መጀመሪያ ያነበብኩት ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነው። ታጥፎ ታጥፎ አውራ ጣት አክሎ ነበር፤ ስዘረጋው ጠረጴዛውን ሸፈነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የጡት ሕመም፣ የደም ነጠብጣብ፣ ድብርት፣ ክብደት መጨመር... ወረቀቱን መልሼ ማጠፍ እንኳን አቃተኝ። ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ሁለት ሳምንት አልነካሁትም። ከዚያ የወር አበባዬ መጣ። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ጉልበቴን አቅፌ አደርኩ። ጠዋት መሳቢያውን ከፈትኩት።

ያኔ አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቢነግረኝ ብዬ የምመኘውን ነው እዚህ የጻፍኩት። መድኃኒቱን የሚመርጥልሽና መጠኑን የሚወስንልሽ ሐኪምሽ ነው፣ እሱ ላይ ጣልቃ አልገባም። የኔ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ቤትሽ ውስጥ የሚሆነው ነው። የትኛውን ችግር ትንሽ ትታገሺዋለሽ? የትኛውን አንድ ቀንም አትታገሺውም?

1. መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እወቂ

ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ አንዳንዴ አንጀትና የሽንት ፊኛ ላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ገደማ፣ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም።

ይህ ሕብረ ሕዋስ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሲያገኝ ይደረጃል፣ ያብጣል፣ በዙሪያው ያለውን ያስቆጣል። የሆርሞን ሕክምናው ወይ ኤስትሮጅኑን ይቀንሰዋል፣ ወይ ፕሮጄስቲን በተባለ ሌላ ሆርሞን ይጫነዋል። ቁስሉ ይቀዘቅዛል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ግን ነቅሎ አያወጣውም። መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኞቹ የእንቁላል መውጣትን ስለሚያስቆሙ ለማርገዝ አይረዱም። በቅርቡ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ይህን ቀጠሮው መጀመሪያ ላይ ተናገሪ። በር ላይ ስትወጪ አይደለም። የሕክምናው አቅጣጫ ሁሉ ይቀየራል።

2. ለሐኪሙ ሳትነግሪ የማትጀምሪው

እነዚህን በወረቀት ጻፊና ይዘሽ ሂጂ። እዚያ ስትደርሺ ግማሹ ይጠፋሻል።

እግርሽ ወይ ሳንባሽ ውስጥ ደም ረግቶ ያውቃል? ከወላጅ ወይም ከእህት ወንድምስ? ማይግሬን አለብሽ? ካለብሽ፣ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት የሚያብለጨልጭ ብርሃን ወይም የተሰበረ መስመር የመሰለ ነገር ይታይሻል? ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ይወስናል፤ እንዲህ ዓይነት ማይግሬን ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል አይሰጣትም፣ በአንጎል ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ አለ። ዕድሜሽ ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ፣ ወይም የደም ግፊት ካለብሽም እንደዚያው። የጉበት ሕመም፣ የጡት ካንሰር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም መፍሰስ፣ ከዚህ በፊት የያዘሽ ድብርት፣ ሁሉም ይነገር።

የምትወስጃቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ጻፊ። ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኤፋቪሬንዝ የሆርሞኑን ኃይል ይቀንሳሉ። ለድብርት ተብሎ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅም ይቀንሳል። «ዕፅ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብለሽ እንዳትዘይው።

እርግዝና አለመኖሩ ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ይረጋገጥ።

3. የተሰጠሽ የቱ ነው?

ሁሉም «ሆርሞን» ይባላሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የጓደኛሽን መድኃኒት ታሪክ ለራስሽ አትውሰጂው።

ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተቀላቀለበት እንክብል፣ ብዙዎቻችን ፒልስ የምንለው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከር ነው። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ሲሰጥ ባዶዎቹን ፍሬዎች እየዘለልሽ፣ የወር አበባ ሳታስመጪ በተከታታይ እንድትወስጂው ልትታዘዢ ትችያለሽ። ስሕተት አይደለም። ፋርማሲ ያለው ሰው «በመሃል 7 ቀን አርፊ» ካለሽ፣ ሐኪምሽ ያዘዘውን ነው የምትከተዪው።

ፕሮጄስቲን ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው። ዳይኖጄስት በቀን 2 ሚሊግራም ነው። ኖርኤቲስትሮን አሲቴት ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊግራም ይጀመራል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዲፖ መርፌ አለ። 52 ሚሊግራም ሌቮኖርጄስትሬል የያዘው የሆርሞን ሉፕ አለ፣ ማህፀን ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቆያል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም አለ። ስለ ዲፖ አንድ ነገር ልበልሽ፦ አንዴ ከተወጋሽ መልሶ አይወጣም። እንክብል ባይስማማሽ ታቆሚዋለሽ፣ ሉፕ ይወጣል። መርፌው ግን ጊዜው እስኪያልቅ አብሮሽ ነው። ፕሮጄስቲን ሞክራ ለማታውቅ ሴት እኔ ብሆን በእንክብል ነበር የማስጀምረው። ሰውነትሽ እንዴት እንደሚቀበለው ታዪና ከዚያ ወደ ረጅሙ ትሄጃለሽ።

እነዚህ ካልበቁ ጠንከር ያሉት ይመጣሉ። ሉፕሮላይድ፣ ጎሰረሊንና ትሪፕቶረሊን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወጉ ናቸው። ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ይዘጉና እንቁልጢን ያስተኙታል። ሰውነትሽ ለጊዜው እንዳረጠ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ግን ሆርሞኑን ከፍ ያደርጉታል፣ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ይህን ሳይነግሯት የተወጋች ሴት መድኃኒቱ እየገደላት ይመስላታል። ኤላጎሊክስና ሬሉጎሊክስ የሚባሉት እንክብሎች ያን የመጀመሪያ መባባስ አያመጡም፤ ኤላጎሊክስ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሕመም ተፈቀደ፣ ሬሉጎሊክስ ከኤስትራዲዮልና ከኖርኤቲስትሮን ጋር በአንድ ፍሬ ተቀላቅሎ በ2022 ተከተለ።

ዳናዞል የሚባል የቆየም አለ። ድምፅ ያጎረንናል፣ አንዳንዴም አይመለስም። ቢታዘዝልሽ ሌላ አማራጭ መኖሩን ጠይቂ።

ልብ በይ፦ ዳይኖጄስት፣ ኤላጎሊክስና መርፌዎቹ እነ ሉፕሮላይድ እርግዝና ለመከላከል ተብለው አልተሠሩም። የወር አበባሽ ቀረ ማለት አታረግዢም ማለት አይደለም። ኮንዶም ወይም ሌላ ሆርሞን የሌለው መከላከያ ጨምሪ።

4. ደብተር ግዢ፣ ሰዓት ሙዪ

ተራ ደብተር ይበቃል፣ ስልክም ይሆናል። እኔ በእያንዳንዱ ገጽ አራት መስመር አሰምር ነበር፦ ሕመም ከ0 እስከ 10፣ ደም፣ ስሜት፣ ሌላ። ማታ ጥርሴን ፋቅኩና እሞላዋለሁ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። «ዛሬ 6፣ ነጠብጣብ፣ ያለ ምክንያት አለቀስኩ፣ ጡቴ ያመኛል።» በቃ።

ከተቻለ መድኃኒቱን ከመጀመርሽ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጻፊ። አለበለዚያ ከሦስት ወር በኋላ «ተሻለሽ?» ስትባዪ የምታወዳድሪበት የለሽም። ሕመም ሲያልፍ ይረሳል፣ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ትናንት የሆነ ነው። ስለዚህ ሁሌም መድኃኒቱ ይፈረድበታል።

እንክብል ከሆነ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይዋጥ። ያቅለሸልሽሻል? ከእራት በኋላ አድርጊው፣ ማቅለሽለሹን ተኝተሽ ታሳልፊዋለሽ። ከዋጥሽ በኋላ በ3 ወይም 4 ሰዓት ውስጥ ካስታወክሽ እንዳልዋጥሽ ቁጠሪውና ሌላ ፍሬ ዋጪ። የረሳሽ ቀን ምን ማድረግ እንዳለብሽ ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። ወረቀቱ ላይ ያንን አንቀጽ ፈልጊና በእስኪርቢቶ ክበቢው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስትደነግጪ ትፈልጊዋለሽ።

5. ደሙ

ሴቶች መድኃኒቱን የሚጥሉት ከሁሉ በላይ በዚህ ይመስለኛል። ወር አበባን ለማስቆም የተሰጠ መድኃኒት በየቀኑ ሲያንጠባጥብ ያናድዳል። እኔን በመጀመሪያው ወር 19 ቀን ፈሶኛል። ብዙ አይደለም፣ ቡናማ ጠብታ ነው። ግን ነጭ ሱሪ የለ፣ መዋኘት የለ፣ ስስ ሞዴስ ከቦርሳ አይጠፋም።

ማህፀንሽ ሽፋኑን ሲያሳሳ ያለ ሥርዓት ይረግፋል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ጠብታ ብቻ ከሆነ ጊዜ ስጪው።

እስከዚያ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ የዘለልሽው ፍሬ ካለ እዪ፤ አንድ ቀን መርሳት ብቻውን ደም ያመጣል። ኢቡፕሮፌን ሕመሙንም ደሙንም ሊቀንስ ይችላል፣ ምግብ በልተሽ ውሰጂው፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብሽ ተዪው። የተቀላቀለውን ፒልስ በተከታታይ የምትወስጂ ከሆነና ቢያንስ 21 ቀን ከወሰድሽ በኋላ ደሙ ለቀናት እምቢ ካለ፣ ሐኪሞች 3 ወይም 4 ቀን አቁመሽ መልሰሽ እንድትጀምሪ ሊፈቅዱልሽ ይችላሉ። ይህን ዳይኖጄስት ላይ ወይም ሌላ ፕሮጄስቲን ብቻ ባለው እንክብል ላይ በራስሽ እንዳትሞክሪው። እዚያ ማቋረጥ ነገሩን ያብሰዋል።

በየሰዓቱ ሞዴስ እስኪርስ ከፈሰሰሽ ግን ደብተሩን ተዪውና ወደ ሕክምና ሂጂ። ትንሽ በትንሽ ለሳምንታት ከፈሰሰና ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታ፣ የሚያዞርሽ ከሆነ ደም ማነስ እንዳለብሽ ይታይ።

ከዚያ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ደሙ ጭራሽ ይቀራል። ይሄን ጊዜ አንዷ ዘመድ «ታዲያ ደሙ የት ሄደ? ሆድሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው» ትልሻለች። አልተጠራቀመም። የሚፈስ ደም እኮ የለም፤ ሽፋኑ ስላልወፈረ የሚረግፍ ነገር አልተሠራም። እንዲያውም የተፈለገው ይኸው ነው።

6. ሙቀቱ፣ ላቡ፣ አጥንቱ

ይህ በተለይ መርፌዎቹን እነ ሉፕሮላይድን፣ ኤላጎሊክስንና ሬሉጎሊክስን ለሚወስዱ ነው። ዲፖ የምትወጉ ስለ አጥንት ያለውን አንብቡ፣ ሌሎቻችሁ እለፉት።

ድንገት ደረትሽ ላይ እሳት ይነሳል። ወደ አንገትሽ፣ ወደ ፊትሽ ይወጣል። ታልቢያለሽ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይበርድሻል። ሥራ ስብሰባ ላይ ሲይዝሽ ሰው ሁሉ የሚያይሽ ይመስልሻል። እመኚኝ፣ አብዛኛው ሰው አያይም።

ወፍራም ሹራብ አንድ ከመልበስ ስስ ልብስ ደራርበሽ ልበሺ፣ አንዱን ታወልቂዋለሽ። ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብሽ ይኑር። ቡና፣ አልኮልና የሚያቃጥል ምግብ ከሚያስነሱት ናቸው፤ የትኛው አንቺን እንደሚያስነሳ ደብተርሽ ይነግርሻል፣ ሁሉንም በጅምላ መተው የለብሽም። ለሌሊቱ ፎጣ አንሶላው ላይ አንጥፊ፣ ሌላ ቲሸርት ትራስሽ አጠገብ አጥፈሽ አስቀምጪ። በጨለማ ቁም ሣጥን ከመፈለግ ያድናል። ላብ ያጠመቀውን ቀይረሽ፣ ዓይንሽን ሳትገልጪ መልሰሽ ትተኛለሽ።

ዋናው መፍትሔ ግን ፎጣ አይደለም። ሐኪሞች አድ-ባክ የሚሉት አለ፦ ከመርፌው ጋር ትንሽ ሆርሞን፣ ለምሳሌ ኖርኤቲስትሮን ብቻውን ወይም ከትንሽ ኤስትሮጅን ጋር ይሰጣል። «ኤስትሮጅን ይመግበዋል ካልሽ በኋላ መልሶ መስጠት ምንድነው?» ትዪኝ ይሆናል። መጠኑ ነው ቁም ነገሩ። ሙቀቱን ለማብረድና አጥንትን ለመጠበቅ የሚበቃው፣ ቁስሉን ለመቀስቀስ የሚበቃ አይደለም። የሕመም ማስታገሱን ኃይል አይቀንሰውም። ስለዚህ መርፌው ሲታዘዝልሽ «አድ-ባክስ?» ብለሽ ጠይቂ። ሆርሞን የማይስማማት ደግሞ ቬንላፋክሲን ወይም ጋባፔንቲን ሊታዘዝላት ይችላል።

አጥንት እንደ ሙቀት አይጮኽም፣ ለዚህ ነው የሚረሳው። ኤስትሮጅን ሲያንስ አጥንት ይሳሳል። መርፌዎቹ ያለ አድ-ባክ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር በላይ የማይሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። ኤላጎሊክስ በቀን አንዴ 150 ሚሊግራም ሲሆን እስከ 24 ወር፣ በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊግራም ሲሆን እስከ 6 ወር ነው የተፈቀደው። ዲፖም በረጅም ጊዜ አጥንት ያሳሳል። በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም ከምግብም ከእንክብልም ተደምሮ፣ 600 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ደረጃ መውጣት፣ ክብደት ማንሳት። ዋና ለመንፈስ ጥሩ ነው፣ አጥንትን ግን ብዙም አያጠነክርም። ሕክምናው የሚረዝም ከሆነ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቂ።

የብልት መድረቅም አብሮ ይመጣል። ውሃ ነክ ሉብሪካንት (ማለስለሻ) ይረዳል። ቫዝሊንና ዘይት ኮንዶም ስለሚቀድዱ አይሆኑም።

7. ስሜትሽ ሲለዋወጥ

አንድ ቀን እህቴ ማንኪያ ጣለች። ወለሉ ላይ ጮኸ። እኔ ሃያ ደቂቃ አለቀስኩ። ያን ማታ ደብተሩን ስገልጥ በሁለት ሳምንት ውስጥ «አለቀስኩ» የሚለውን ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። እያንዳንዱ ቀን ብቻውን ሲታይ ሰበብ ነበረው። ሰባቱ አንድ ላይ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ።

ይህን በሁለት ሰው ነው መከታተል የሚሻለው። አብሮሽ የሚኖር ወይም በየቀኑ የሚያገኝሽ አንድ ሰው ምረጪ። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ጠባዬ ከተቀየረ ንገሪኝ» በያት። ስትነግርሽ ደግሞ አትጣያት፣ ራስሽ ነሽ የጠየቅሻት።

የተለመደው መነጫነጭ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊረግብ ይችላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ደስ ካላለሽ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ፣ የሦስት ወሩን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ደውዪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ለሰው ተናገሪ። ብቻሽን አትሁኚ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። «መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል» አይባልም። ሌላ መድኃኒት አለ።

8. ጥቃቅኖቹ

የጡት ሕመምና ማቅለሽለሽ ባብዛኛው በሁለት ሦስት ወር ይቀንሳሉ። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ ሌሊትም ልበሺ። ብጉር ከወጣብሽ የፕሮጄስቲኑን ዓይነት መቀየር ሊረዳ ይችላል። ክብደትሽን በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ተመዘኚ፤ በየቀኑ መመዘን ማበድ ነው። ከዲፖ ጋር ክብደት የሚጨምር አለ፣ በሌሎቹ ግን የምትፈሪውን ያህል አይደለም። የወሲብ ፍላጎትም ሊቀንስ ይችላል። ይህን ለሐኪም መንገር ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪው።

9. የማይጠበቅበት

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ በሕይወትሽ አይተሽው የማታውቂው ራስ ምታት ድንገት ከመጣ፣ ዓይንሽ ከጋረደ፣ አንደበትሽ ከተሳሰረ፣ ግማሽ አካልሽ ከደከመ፣ በተለይ የተቀላቀለውን ፒልስ የምትወስጂ ከሆነ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ከጎድንሽ ሥር በብርቱ ካመመሽም እንዲሁ። ሉፕ ያስገባሽ ደግሞ ትኩሳትና ብርቱ የሆድ ሕመም ከያዘሽ፣ ወይም የሉፑ ክር በጣትሽ ካልተገኘ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ።

10. የሦስተኛው ወር ቀጠሮ

ደብተሩን ቀድመሽ አጠቃልይው። በወር ስንት ቀን አመመኝ? ስንት ቀን ፈሰሰኝ? ስንት ቀን ከሥራ ወይም ከትምህርት ቀረሁ? ሦስት ቁጥር በአንድ ወረቀት። «አልተመቸኝም» ስትዪ «ትንሽ ታገሺ» ልትባዪ ትችያለሽ። «ሕመሙ ከ8 ወደ 4 ወርዷል፣ ግን በወር 15 ቀን ይፈሰኛል» ስትዪ ውይይት ይጀመራል።

መጠኑ ይቀየር? ሌላ ፕሮጄስቲን ልሞክር? ከእንክብል ወደ ሉፕ ልሂድ? እነዚህን ጠይቂ። አንዱ አልስማማ አለ ማለት ሁሉም እምቢ አሉ ማለት አይደለም። ሦስትና ከዚያ በላይ ወር በትክክል ወስደሽ ሕመሙ ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይኖር እንደሆነ ይታይ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻ መኮማተርና የአንጀት ችግር ከኢንዶሜትሪዮሲስ ጋር አብረው ይኖራሉ። ቀዶ ሕክምናም እዚህ ጋ ይነሳል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆርሞን መቀጠል ሕመሙ ቶሎ እንዳይመለስ ይረዳል።

እኔ በዚያ ቀጠሮ ወደ ሌላ ፕሮጄስቲን ተቀየርኩ። ሐኪሟ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ሰባቱን «አለቀስኩ» በጣቷ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ስለ ማንኪያው ጠየቀችኝ።

የምታቆሚበት ቀን ሲመጣም ቀድመሽ አስቢበት። ፒልስና ዳይኖጄስት ከቆሙ ዑደትሽ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ወይም በሁለት ወር አካባቢ ይመለሳል። ከመርፌዎቹ እነ ሉፕሮላይድ በኋላ ጥቂት ወራት ሊወስድ ይችላል። ከዲፖ በኋላ ግን ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ልጅ የምታስቢ ከሆነ በዚህ ሂሳብ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ያቆምሽበትን ቀን ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ከሥሩም የሕመሙን መስመር መሙላት ቀጥዪ።